የአይከል አድራሻ በመረጃ ቋት ውስጥ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለችው አይከል ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል አድራሻዋ በተደጋጋሚ ተለውጧል። በንጉሡ ዘመን በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት የጭልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ጎንደር ክፍለ ሀገር አለው። በ1980 ዓ.ም. ሀገሪቱ በ24 የአስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዞች ስትዋቀር ጎንደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ አይከል ለሰሜኑ ደረሰች። የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልሎችን ሲያቋቁም ክልል 3 ውስጥ ገባች፤ ከዚያም ክልሉ አማራ፣ ዞኑ ሰሜን ጎንደር፣ ወረዳው ጭልጋ ተባለ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሰሜን ጎንደር ራሱ ሦስት ዞን ሆነ፤ መቀመጫው ደባርቅ የሆነው ሰሜን፣ ጎንደር የሆነው ማዕከላዊ፣ ገንዳ ውኃ የሆነው ምዕራብ። አይከል ዛሬ በማዕከላዊ ጎንደር ሥር ናት።

ይህ ሁሉ ለታሪክ ጸሐፊ የታወቀ ነገር ነው። ለፕሮግራመር ግን ገና ያልተመለሰ የቤት ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተሻገሩ ቁጥር አብሮ የሚሻገረው የመጀመሪያው ነገር አድራሻ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ሪፖርት ከአንድ ጤና ኬላ ተነሥቶ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ወደ ላይ ይደመራል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የነዋሪውን አድራሻ ይመዘግባል። ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሁሉም በየራሱ ሥርዓት ያንኑ ሰንሰለት ይጽፋል። የሰንሰለቱ አያያዝ ከተበላሸ የሚበላሸው ድምሩ ነው፤ በድምሩ ደግሞ መድኃኒት ይመደባል፣ ስንዴ ይጫናል፣ መምህር ይቀጠራል። ስለዚህ አድራሻን በኮድ ውስጥ እንዴት እንወክለው የሚለው ጥያቄ ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መንገድ ቀላሉ ነው። ስሞቹን በመስመር ደርድሮ፣ በመካከላቸው መለያ ምልክት አድርጎ፣ እንደ አንድ ጽሑፍ ማስቀመጥ፦ አማራ/ማዕከላዊ ጎንደር/ጭልጋ/አይከል። ፕሮግራመሮች ይህን ፓዝ ይሉታል። ለዓይን ግልጽ ነው፣ ለመፈለግም ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው ከራሳችን የአጻጻፍ ልማድ ነው። እኛ በእዝባር (/) እናሳጥራለን፤ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ደ/ታቦር እያልን። የወረዳ ጸሐፊው ቅጹ ላይ «ማ/ጎንደር» ብሎ ሲጽፍ ምንም አላጠፋም፤ መቶ ሺህ ደብዳቤ የተጻፈው እንዲያ ነው። በእዝባር የሚቆርጠው ፕሮግራም ግን «ማ» የሚባል ዞን፣ በሥሩም «ጎንደር» የሚባል ወረዳ ያገኛል፤ ጭልጋ ቀበሌ ይሆናል፣ አይከልም ስም ወደሌለው አምስተኛ ደረጃ ትወርዳለች። በነጥብ እንለይ ቢባል «ም.ጎንደር» ይመጣል። ሌላ ምልክት ቢመረጥ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ምህጻረ ቃል ድረስ ብቻ ይሠራል።

የባሰው ስሕተት ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። አንድ ሪፖርት ከጎንደር ከተማ ሥር ያሉትን መዝገቦች ሁሉ እንዲያወጣ ተጠየቀ እንበል። ጽሑፍን የሚያወዳድር ኮድ «በጎንደር የሚጀምር» ብሎ ይፈልጋል። «ጎንደር ዙሪያ» በጎንደር ይጀምራል። ጎንደር ዙሪያ ግን መቀመጫው ማክሰኚት የሆነ ራሱን የቻለ ወረዳ እንጂ የከተማው ክፍል አይደለም። ሥርዓቱ አይጮህም፣ ቀይ መስመር አያሳይም፤ የከተማውን ቁጥር አሳብጦ ያስረክባል፤ ቁጥሩን የሚቀበለው ሰውም ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፊደላችንም የራሱን ፈተና ያክላል። ማዕከላዊና ማእከላዊ፣ ምዕራብና ምእራብ፣ ሰሜንና ሠሜን ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የዩኒኮድ ማስተካከያ ደንቦችም አያቀራርቧቸውም፤ በመዝገቡ ዓ እና አ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሆሄያት ናቸውና። ጸሐፊዎችን በአንድ አጻጻፍ ለማስገደድ የሚደረገው ሙከራ ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ትክክለኛው ቦታ ኮዱ ነው፤ የተጻፈውን እንደተጻፈ ጠብቆ፣ ለማወዳደር ብቻ የሞክሼ ፊደላቱን ልዩነት የሚያልፍ የውስጥ ቁልፍ ማበጀት ይቻላል። ይህ ሥራ ግን በእያንዳንዱ ፍለጋ ላይ ተበትኖ የሚጻፍ ከሆነ አንዱ ቦታ ላይ መረሳቱ አይቀርም። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በአድራሻው በራሱ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ይህንን የሚያደርገው አድራሻን ኦብጀክት ማድረግ ነው። ኦብጀክት ማለት እዚህ ላይ ባሕርዩን አብሮ የያዘ ነገር ማለት ነው፤ ክፍሎቹን ያውቃል፣ ወላጁን ሲጠየቅ ይናገራል፣ ከሌላ አድራሻ ጋር ሲነጻጸር በፊደል ቅደም ተከተል ሳይሆን በክፍል በክፍል ይነጻጸራል። «አይከል በማዕከላዊ ጎንደር ሥር ናት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሰንሰለቱ ይወጣል እንጂ ከጽሑፉ መነሻ አይገመትም። ጎንደር ዙሪያም ከጎንደር ጋር አይምታታም፤ ሁለቱ የተለያዩ ክፍሎች ናቸውና። እዝባሩ ለሰው ዓይን ሲታተም ብቻ የሚጨመር ጌጥ ይሆናል።

ዓለም ይህን መንገድ በሌላ መስክ ሄዶበታል። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ የፋይል አድራሻ ለብዙ ዓመታት ተራ ጽሑፍ ነበር፤ ስሕተቱም የዚያኑ ያህል። ጃቫ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው 7ኛ እትሙ ፓዝ የተባለ አዲስ ኦብጀክት አስገባ፤ ፓይተን በ2014 እ.ኤ.አ. በ3.4 እትሙ ፓዝሊብን አመጣ። የፓዝሊብ አንድ ሐሳብ ለእኛ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። ሁለት ዓይነት ፓዝ ይለያል፦ አንደኛው ንጹሕ ፓዝ ነው፤ በስሞቹ ላይ ብቻ ይሠራል፣ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ሁለተኛው ዲስኩን ሊነካ፣ መኖሩንም ሊያረጋግጥ ይችላል። በአድራሻም ሁለቱ ሊለያዩ ይገባል። ነዋሪው በቃሉ የተናገረው፣ ጸሐፊውም የጻፈው አድራሻ አንድ ነገር ነው፤ ከይፋዊ መዝገብ ጋር ተገናዝቦ የተረጋገጠው ሌላ። ዛሬ በብዙ ሥርዓቶች ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ቃል የትኛው ማረጋገጫ እንደነበረ መለየት አይቻልም።

በመረጃ ቋት በኩል ደግሞ ፖስትግሬስ ኤልትሪ የሚባል ማራዘሚያ አለው፤ ኦሌግ ባርቱኖቭና ቴዎዶር ሲጋየቭ የተባሉ ሩሲያውያን ናቸው የሠሩት። በነጥብ የተለያዩ መለያ ስሞችን እንደ አንድ የመረጃ ዓይነት ይይዛል፤ የበላይና የበታች ፍለጋን፣ የጋራ ቅድመ አያት ማግኘትን ራሱ ያውቃል፤ በፓይተን በኩልም እንደ ኦብጀክት የሚያቀርቡት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ነገር ግን በመለያ ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ አይቀበልም። «ጎንደር ዙሪያ» እንዳለ አይገባም። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ እንደ በጎ ምክር እወስደዋለሁ፤ በሰንሰለቱ ውስጥ መግባት ያለበት ስም አይደለምና።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 እያንዳንዱን ክፍል፣ ከሀገር እስከ ጤና ኬላ፣ አሥራ አንድ ሆሄና አኃዝ ያለው ትርጉም አልባ መለያ ይሰጠዋል፤ ፓዙም የእነዚህ መለያዎች ሰንሰለት ነው። ስሙ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ በአማርኛ ቢጻፍ፣ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ፣ ነገ ቢለወጥ ሰንሰለቱ አይናጋም። የፋይዳ አሥራ ሁለት አኃዝ ቁጥርም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩ ስለ ባለቤቱ መኖሪያ፣ ዕድሜ ወይም ጾታ ምንም አይናገርም። ይህ ዝምታ ብልህነት ነው። የሚናገር መለያ የተናገረው ነገር ሲለወጥ ይዋሻል።

ተቃራኒውን ለማየት የሰብአዊ እርዳታ ድርጅቶች የሚሠሩበትን ኮድ መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ ክፍሎች የሀገሪቱን ሁለት ሆሄያት ተከትለው በሁለት በሁለት አኃዝ ይረዝማሉ፤ የመጀመሪያው ጥንድ ክልሉን፣ ሁለተኛው ዞኑን፣ ሦስተኛው ወረዳውን ያመለክታል። ኮዱን ያየ ባለሙያ ወረዳው የት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ በአስቸኳይ ጊዜ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ጭልጋ ከሰሜን ጎንደር ወደ ማዕከላዊ ጎንደር ሲዛወር ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፦ ኮዱ ተለውጦ ከቀድሞው መዝገብ ጋር ይቆራረጥ፣ ወይም ሳይለወጥ ቆይቶ ወረዳው የሌለበትን ዞን ይጥራ። የክልሎቻችን ቁጥር ራሱ የዚህ ምስክር ነው። አማራ 3፣ ደቡብ 7 ነበር፤ ከ7 ቀጥሎ ግን 12 ይመጣል፣ ጋምቤላ። ከ8 እስከ 11 የነበሩት ክልሎች ከ7 ጋር ተዋህደው ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሆነዋልና። የፈረሰው አወቃቀር በቁጥሮቹ መካከል ባለው ክፍተት እስካሁን ይታያል። ደቡብ ራሱም ዛሬ የለም፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀረው ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተለያየ።

እዚህ ላይ «ኦብጀክት አድርጉት» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ስሞችን በዝርዝር የያዘ፣ ወላጁን የሚያውቅ፣ በትክክል የሚነጻጸር ኦብጀክት እንኳ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ቀን። «አይከል በሰሜን ጎንደር ዞን ናት» የሚለው ዐረፍተ ነገር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ እውነት ነበር፤ ዛሬ ሐሰት ነው። የያኔውም የዛሬውም አድራሻ አይሰረዙም። ስለዚህ ቦታው አንድ ነገር ነው፣ የማይለወጥ መለያ ያለው፤ ስሙ ሌላ ነገር ነው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና፤ የወላጅነቱ ግንኙነትም ሦስተኛ ነገር ነው፣ እሱም የራሱ መነሻና መድረሻ ቀን ያለው። ፓዝ የሚባለው ከእነዚህ ሦስቱ ለአንድ ቀን ተሰልቶ የሚወጣ ውጤት ነው። ሰው «የአይከል ፓዝ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጥሩ ኮድ «በየትኛው ቀን?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ካልተነገረው ዛሬን ይውሰድ፣ ዛሬን መውሰዱን ግን ይናገር።

ቀኑ ራሱ በእኛ ሀገር ጥንቃቄ ይሻል። «2010» የሚል አኃዝ ብቻውን ዞኑ የተከፈለበትን ጊዜ ሊያመለክት ይችላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተነበበ ደግሞ ከመከፈሉ ሰባትና ስምንት ዓመት በፊት ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱን በጽሑፍ አስቀምጦ አቆጣጠሩን መርሳት አድራሻውን በእዝባር ከማስቀመጥ የተለየ አይደለም።

ቆጠራዎቻችንን ለማነጻጸር የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። ሦስት ሀገራዊ ቆጠራ አድርገናል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጀመሪያው ጭልጋ አውራጃ ነው፤ በቀጣዮቹ ወረዳ ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ግዛቱ አንድ አይደለም፤ አውራጃው ከወረዳው ይሰፋ ነበር። ስምን እንደ መለያ የሚቆጥር ኮድ ሁለቱን በአንድ ረድፍ አስቀምጦ «የጭልጋ ሕዝብ ቀነሰ» ይላል። ይህን መሰል ግራፍ የተመለከተ ውሳኔ ሰጪ ሕዝቡ ወዴት ሄደ ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። ሕዝቡ የትም አልሄደም፤ ወሰኑ ነው የጠበበው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ዓይነቱንም መያዝ አለበት፤ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ። ጭልጋ አውራጃና ጭልጋ ወረዳ በስም ብቻ የሚገናኙ ሁለት ነገሮች ሆነው መመዝገብ ይገባቸዋል።

ዓይነቱ የሚያስፈልገው ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ቅጾች አራት ቋሚ ሳጥን አላቸው፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። የአርጎባ ልዩ ወረዳ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ ስለሆነ የዞኑ ሳጥን ባዶ ይሆናል ወይም የውሸት ይሞላል። በአዲስ አበባ ከተማ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ እንጂ ዞን የለም። ጎንደር ከተማም የዞኑ መቀመጫ ሆና ሳለ በራሷ ከተማ አስተዳደር ትተዳደራለች፤ ዋና ከተማው ከሚያስተዳድረው የአስተዳደር እርከኖች ዛፍ ውጭ ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ ስንተኛ ነው የሚለውና ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ መለየት አለባቸው። ደግሞ «ቀበሌ 01» በየከተማው አለ፤ ወላጁ ካልተጠራ ማንንም አይለይም። ኮዱ 01ን ቁጥር ነው ብሎ 1 ካደረገው ደግሞ ሰዉ የሚያውቀው ስም እንኳ ይጠፋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰው ሁሉ በዛፉ እንደሚስማማ አድርጎ ነው። በአይከል ዙሪያ ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ከቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጥያቄ ጋር በተያያዘ በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ አካሂዷል። በመረጃ ሞዴል ቋንቋ ጥያቄው «የዚህ ቀበሌ ወላጅ ማን ይሁን?» ነበር። በመሬት ላይ ግን ሰው የተፈናቀለበትና ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው። ይህን ለማስታወስ የምፈልገው አንድ ፕሮግራመር በተቆልቋይ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ቀበሌ ከአንዱ ዞን ሥር ሲያስገባ ሳያውቀው ፍርድ እየሰጠ ሊሆን ስለሚችል ነው። ስለዚህ የወላጅነት ግንኙነቱ ከቀኑ ሌላ ምንጩን ይያዝ፤ በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው ውሳኔ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ዝርዝር እንደተባለ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች የተለያየ ነገር ካሉ ሁለቱም ይመዝገቡ። ሶፍትዌር አስታራቂ ሊሆን አይችልም፤ አንደኛውን ወገን ግን ያለ ድምፅ መሰረዝ የለበትም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሡ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው «መጋጠሚያ ነጥቡን በጂፒኤስ ያዙት፤ ወሰን የመጣው ይምጣ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ከጭልጋ የተገኙት 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካላት በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ ሲታተሙ ቦታቸውን አጽንቶ የሚያስቀምጠው የተገኙበት ነጥብና የድንጋዩ ንብር ነው፤ ለእነሱ የዞኑ ስም ትርጉም የለውም። ለሕያዋን ግን አለው። በጀት የሚወርደው፣ ድምፅ የሚቆጠረው፣ መታወቂያ የሚሰጠው በነጥብ አይደለም፣ በቀበሌ ነው። ነጥቡ ይኑር፤ ዛፉን ግን አይተካም።

ሁለተኛው ሐሳብ ክብደት አለው፦ «ለአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ይህ ሁሉ ውስብስብነት ምን ይሠራል? አቅም የለንም።» ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት አያስፈልግም እላለሁ። ከመጀመሪያው ቀን የግድ የሚሆኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ትርጉም አልባ መለያና ቀን። እነዚህ ካሉ የሞክሼ ፊደላቱ ማነጻጸሪያም፣ የቋንቋ ትርጉሙም፣ ምንጩም በኋላ ይታከላል። እነዚህ ከሌሉ ግን በኋላ የሚጨመር ነገር ሁሉ ከተበላሸ መሠረት ላይ ይቆማል፤ የጠፋ ቀን ከአምስት ዓመት በኋላ ከማንም አይገኝምና።

የሚቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። የአማራ ክልል ሕጎች በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማሉ። ወረዳ ሲከፈል፣ ቀበሌ ሲዛወር፣ ከተማ አስተዳደር ሲቋቋም ውሳኔው ሲታተም የአዲሱ ክፍል መለያ፣ የተዘጋው ክፍል መለያ፣ የሚጸናበት ቀን በሰንጠረዥ ቢያያዝ፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትም የሁሉንም ክልል ሰንጠረዥ አሰባስቦ ለማንም ክፍት ቢያደርገው፣ ጤና ሚኒስቴር፣ ፋይዳና ባንኮቹ አንድ ዛፍ ይጋሩ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ የየራሱን ዝርዝር ያስገባል፤ የአንዱ ከሌላው በዓመታት ይዘገያል።

የተከማቸው የጽሑፍ አድራሻ ደግሞ ሲዛወር አይታረም። የመጀመሪያው ጽሑፍ እንደተጻፈ፣ ከነምህጻሩና ከነስሕተቱ፣ ከአዲሱ ኦብጀክት ጎን ይቀመጥ፤ ነገ የተሻለ ማንበቢያ ሲገኝ እንደገና ይነበባልና። የማይፈታም ይኖራል። ደንቢያ ወረዳ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ከመከፈሉ በፊት «ደንቢያ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሕፃን ዛሬ የየትኛው ወረዳ ነው? የቀበሌው ወይም የጤና ጣቢያው ስም አብሮ ከተጻፈ መልሱ ይገኛል። ካልተጻፈ መዝገቡ በተዘጋው ደንቢያ ሥር ይቆይ፤ ድምር ሲወጣም «ያልተለየ» በሚል ረድፍ ለብቻው ይታይ።